ከወሎ ሆናችሁ በቲክቶክና በቴሌግራም ዕቃ የምትሸጡበት መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

«ቻናል ከፍቻለሁ፣ ሰውም ገብቶልኛል፣ ግን የሚገዛኝ የለም፤ ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ ከደሴ ጨርቅ ነጋዴዎች፣ ከኮምቦልቻ ማር አቅራቢዎች፣ ከሐይቅና ከወልዲያ ልብስ ሰፊዎች ሳያቋርጥ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ሁሉም የሚያነበው ቢሆን ይሻላል ብዬ ጻፍኩት። በአብዛኛው ችግሩ የተከታይ ማነስ ሆኖ አላገኘሁትም። ደንበኛው ዕቃውን አይቶ ይወደዋል፤ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ሱቁ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚደርሰው ግን ስለማያውቅ ያልፈዋል። ስለዚህ ከመታየት ይልቅ ከታያችሁ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ሰፋ አድርጌ እሄዳለሁ።

ምሳሌዬ ጋቢና ማር ናቸው። ጫማም ሆነ የቤት ዕቃ የምትሸጡ ያንኑ ቅደም ተከተል ተከተሉ።

የሚያስፈልጋችሁ

• ካሜራው የሚሠራ ስማርት ስልክ። አዲስ መሆን የለበትም፤ ሌንሱን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።
• በራሳችሁ ስም የወጣ ሲም ካርድ። በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ቢጠፋባችሁ ምትኩን ማውጣት የሚችለው ያ ሰው ነው፤ ቴሌግራማችሁም ቴሌብራችሁም በእሱ እጅ ወደቀ ማለት ነው።
• ቴሌብርና ቢያንስ አንድ የባንክ ሒሳብ፣ ሁለቱም በአንድ ስም።
• ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር።
• ሜትር፣ ሚዛን፣ ነጭ ወይም ግራጫ አንሶላ።
• ካርቶን፣ ወፍራም ፌስታል፣ ስኮች፣ ማርከር።
• ፓወር ባንክ። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ስልካችሁ ከተዘጋ የዚያን ምሽት ጠያቂ ታጣላችሁ።
• ደብተርና እስክሪብቶ።

1. ሦስቱን ቦታ በየሥራቸው ለዩ

ቲክቶክ የባቲ ሰኞ ገበያ ነው፤ የማያውቃችሁ ሰው ሁሉ በፊታችሁ ያልፋል። ቴሌግራም ሱቃችሁ ነው፤ የወደዳችሁ ተመልሶ ይመጣበታል። ሽያጩ የሚያልቀው ደግሞ በስልክ ወይም በውስጥ መልእክት ነው። ይህ ልዩነት ከአሠራራቸው የመጣ ነው። ቲክቶክ ቪዲዮ የሚያሳየው ለተከታዮቻችሁ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች እስከ መጨረሻው ያዩትን ቪዲዮ ለሌሎች ስለሚያዳርስ ትናንት የተከፈተ አካውንትም ብዙ ተመልካች ሊያገኝ ይችላል። ቴሌግራም ግን ቻናሉ ውስጥ ለገባው ሁሉ ያደርሳል እንጂ አዲስ ሰው ፈልጎ አያመጣላችሁም። ቴሌግራም ብቻ ይዘው «ሰው አይጨምርልኝም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ቲክቶክ ብቻ የያዙት ደግሞ ያየ ሰው በማግስቱ ሲፈልጋቸው ያጣቸዋል።

ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ስምና በአንድ የመገለጫ ፎቶ ክፈቱ። የቴሌግራም መለያ ስማችሁ አጭርና በቃል የሚያዝ ይሁን። የቲክቶክ መገለጫ ላይ ሊንክ የማስገቢያው ቦታ ካልመጣላችሁ አትጨነቁ፤ የቴሌግራሙን ስምና ስልክ ቁጥራችሁን በጽሑፍ አስቀምጡ። ፌስቡክ ላይ የቆየ ደንበኛ ካላችሁ ገጹን አትዝጉ፤ እዚያም ያንኑ ቪዲዮ ልቀቁበት።

2. በሩን ቆልፉ

ይህን ዛሬውኑ አድርጉት። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ክፈቱና «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ላይ የይለፍ ቃል አስገቡ። ይህ ከሌለ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ ያገኘ ሁሉ አካውንታችሁን መውሰድ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ለእህቴ ልጅ ድምፅ ስጡልኝ» ወይም «ስጦታ ደርሶዎታል» የሚል ሊንክ የምታውቁት ሰው ቢልክላችሁም አትንኩት፤ የእሱም አካውንት ተወስዶ ሊሆን ይችላል። ኮድ የሚጠይቃችሁ ሰው ማንም ይሁን ማን አትስጡት።

3. ዕቃውን እጅ እንደነካው አድርጋችሁ አሳዩ

ሱቅ የመጣ ሰው ጋቢውን ይዳስሳል፣ ጥለቱን ገልበጥ አድርጎ ያያል፣ ክብደቱን በክንዱ ይለካል። ስልክ ላይ ያለው ሰው ይህን ሁሉ አያገኝም። ፎቶው ይህን ካልተካለት «አይቼ እወስናለሁ» ብሎ ይሄዳል።

ለጋቢ አራት ፎቶ ይበቃል። አንደኛው ሙሉውን ተዘርግቶ፣ ሜትር አጠገቡ ተደርጎ። ሁለተኛው ጥለቱን በቅርብ፣ ክሩ አንድ በአንድ እስኪለይ። ሦስተኛው ጠርዙ በሁለት ጣት ተይዞ፣ ውፍረቱ እንዲታይ። አራተኛው ሰው ለብሶት።

ብርሃኑን ከበር ወይም ከመስኮት አድርጉት፤ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ይሻላል። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ነጭ ልብስ ብናነሳ ሽመናው ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል። እንዲህም ሆኖ ከነጣባችሁ ስክሪኑ ላይ ነጩን ቦታ አንዴ ነካ አድርጉና የሚወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ሳቡት፤ የፈትሉ መስመር ወዲያው ይወጣል። ፍላሽና ፊልተር አትጠቀሙ። ቀይ ጥለት በፊልተር ብርቱካናማ መስሎ የገዛ ሰው ዕቃው ሲደርሰው ይመልሰዋል፤ የመመለሻውም ሒሳብ በእናንተ ላይ ነው።

ማርን ብርሃን ከኋላው እንዲመጣ መስኮት ላይ አስቀምጡት፤ ቀለሙ ይታያል። ከዚያ ሚዛን ላይ አድርጋችሁ ቁጥሩ እንዲነበብ አንሱት። እዚህ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳበት ነገር አለ፦ 1 ሊትር ማር በግምት 1.4 ኪሎ ይመዝናል። «አንድ ሀይላንድ» ወይም «አንድ ጣሳ» ብላችሁ ከሸጣችሁ ገዢው አንድ ኪሎ ገዝቻለሁ ሊል ነው፣ ወይም ከሌላ ነጋዴ ዋጋ ጋር ሲያወዳድር እናንተ ውድ ትመስላላችሁ። ሁልጊዜ በኪሎ ተናገሩ።

4. አጭር ቪዲዮ ሥሩ

ስልኩን ቁመቱን ይዛችሁ ከ15 እስከ 40 ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ ቅረጹ። ሰላምታና ረጅም መግቢያ ከፊት አይግባ። ሰው ጣቱ ስክሪኑ ላይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች የሚይዘው ነገር ካላየ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል፣ ቲክቶክም ያንን ቆጥሮ ቪዲዮውን ማዳረሱን ይቀንሳል። በእጃችሁ ጋቢውን ዘርጉትና «ይሄ ፈትል ነው፣ ይሄኛው ሳባ ነው፤ ልዩነቱን ላሳያችሁ» ብላችሁ ጀምሩ። ገዢው የሚጠቅመው ነገር ስለሚማርበት እስከ መጨረሻው ያያል።

ዋናውን ቃል በጽሑፍም ቪዲዮው ላይ አስቀምጡ፤ በድምፅም ተናገሩት። ሰው ዛሬ ዕቃ ሲፈልግ ቲክቶክ ውስጥ ገብቶ «የወሎ ጋቢ»፣ «ንጹሕ ማር ደሴ» ብሎ ይጽፋል። እነዚህ ቃላት ቪዲዮው ላይና መግለጫው ውስጥ ካሉ የመገኘት ዕድላችሁ ይጨምራል። የከተማችሁን ስም አትርሱ።

ስለ ሙዚቃ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቢዝነስ አካውንት ከከፈታችሁ ቲክቶክ ለንግድ የተፈቀዱ ድምፆችን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፤ የታወቀ ዘፈን ብታስገቡ ድምፁ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ሸማኔው ቤት ሄዳችሁ የመወርወሪያውን ድምፅ ቅረጹ። ልብሱ በእጅ መሠራቱን ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው።

በአንድ ቁጭታ አምስት ስድስት ቪዲዮ ቀርጻችሁ አስቀምጡና በየቀኑ አንድ ልቀቁ። መብራትና ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ሥራው እንዳይቆም ይረዳችኋል።

5. ዋጋውን ጻፉ

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ ተዉት። ብዙ ገዢ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ጠያቂው ዋጋውን ለማወቅ መጻፍ፣ መጠበቅ፣ ከተወደደበት ደግሞ «አልችልም» ማለት አለበት፤ ይህን የሚያፍር ሰው ገና ከመጠየቁ በፊት ይተወዋል። ተፎካካሪ ዋጋዬን ያይብኛል ብላችሁ ብትሰጉ፣ ተፎካካሪያችሁ እንደ ደንበኛ ጠይቆ ከተረዳው ቆይቷል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ ያዛል።

የቴሌግራም ጽሑፋችሁ ይህን ይምሰል (ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው)፦

ጋቢ፣ የእጅ ፈትል፣ ባለ አራት ድርብ
ቁመት ___ ሜትር፣ ወርድ ___ ሜትር
ዋጋ፦ 3,500 ብር
ያለው ብዛት፦ 4
ደሴ ከተማ ውስጥ በባጃጅ እናደርሳለን፤ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ በባስ እንልካለን
ሱቁ፦ ፒያሳ፣ (ሁሉም የሚያውቀው ምልክት) አጠገብ
ስልክ፦ ___

ዕቃው ሲያልቅ ጽሑፉን አታጥፉት። «ተሽጧል» ብላችሁ አርሙት፤ አዲስ የገባ ሰው ወደ ላይ ሲያይ የሚሸጥ ሱቅ መሆኑን ይረዳል። አድራሻችሁን፣ የክፍያ ሒሳቡን የባለቤት ስምና አንዱን ትክክለኛ የቻናል ስም የያዘ ጽሑፍ ደግሞ ከላይ ፒን አድርጉ። ስማችሁንና ፎቶአችሁን አስመስሎ ቻናል ከፍቶ ብር የሚቀበል ሰው ሲመጣ ደንበኛው የሚያመሳክረው በዚህ ጽሑፍ ነው።

6. ጠያቂን በሰዓቱ መልሱ

የመጀመሪያው መልስ በደቂቃዎች ውስጥ ይሁን፤ ጠያቂው በዚያው ሰዓት ሌሎች ሁለት ሻጮችንም ጠይቋል። ሰውየውን እስክታውቁት ድረስ «እርስዎ» በሉ፤ ከስሙ ወንድ ሴት መለየት አይቻልም፣ የእናታችሁ እድሜ ያላትም ልትሆን ትችላለች። ዋጋ ሲጠየቅ ቁጥር ብቻ ጽፋችሁ አትቁሙ፤ ቀጣዩን ጥያቄ ጨምሩበት።

«እንደምን አመሹ። ጋቢው 3,500 ብር ነው። ለደሴ ነው ወይስ ወደ ሌላ ከተማ የሚላክ?»

ይህ ጥያቄ ውይይቱን ከዋጋ ወደ ማድረሻ ያሻግረዋል። ክርክር ከመጣ፣ የገበያችን ባሕል ነውና አትቆጡ፤ አንዱን ከምትቀንሱለት ለሁለት የሚገዛ ቅናሽ አዘጋጁ። የምትደጋግሙትን መልስ በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ አስቀምጡና ከዚያ ቅዱ። ዋትሳፕ ቢዝነስ የምትጠቀሙ ፈጣን መልስና የዕቃ ዝርዝር ማስቀመጫ በነጻ አለው።

7. ክፍያው መግባቱን ራሳችሁ እዩ

ማስጠንቀቂያ፦ የክፍያ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። በደቂቃ ውስጥ ይፈበረካል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኗል» የሚል ጽሑፍ ሐሰት ነው። የንግድ ባንክ ዝውውር ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን መለያ ጠይቁ፤ ከዚያም ቢሆን የራሳችሁን መተግበሪያ ከፍታችሁ ቀሪ ሒሳቡ መጨመሩን ሳታዩ ዕቃ አትስጡ። ኔትወርክ ከሌለ «እስኪመጣ ይጠብቁኝ» በሉ፤ እውነተኛ ገዢ አይቀየምም።

«በስህተት አብልጬ ላክሁ፣ ቶሎ መልሱልኝ» የሚል ሲመጣም ሒሳባችሁን ሳታዩ አንድ ብር አትመልሱ። የሚያጣድፍ ሰው ማየት እንዳትችሉ ነው የሚያጣድፈው።

በትእዛዝ ለሚሠራ ልብስ ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። ደሴ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛችሁ ሰው ግን ዕቃው ሲደርሰው ይክፈል። እምነት ገና ባልተገነባበት ጊዜ ቀድሞ ክፈል ማለት ገዢውን ያርቃል፤ ገዢው ባይወስደው ደግሞ ባጃጁ ዕቃውን ይዞ ይመለሳል።

8. አሽጋችሁ ላኩ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በዚያው ቀን ይደርሳል። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባስ ላይ ሲጫን የተቀባዩን ስም፣ ስልክና ከተማ በማርከር በሁለት ጎን ጻፉ። አንዱ ጎን ሲፋቅ ሌላው ይቀራል። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የታሸገውን ዕቃና የታርጋ ቁጥሩን ፎቶ አንሱና ከረዳቱ ስልክ ጋር ለደንበኛው ላኩለት። ይህች ፎቶ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» የሚለውን ጥሪ ትቀንስላችኋለች።

ማር ሲሆን ክዳኑ ሥር ፌስታል አስገብታችሁ አጥብቁት፤ ዕቃውን በሁለት ፌስታል ቋጥራችሁ ካርቶን ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና «ማር ነው፣ አይጋደም» ብላችሁ ጻፉበት። በሌላ ተሳፋሪ ሻንጣ ላይ የፈሰሰ ማር የሚያመጣውን ጣጣ መገመት ትችላላችሁ።

የመድረሻ ቀን ቃል ከመግባታችሁ በፊት መናኸሪያ ደውላችሁ መንገዱን ጠይቁ። ካልተረጋገጠ «ነገ ይነሳል» በሉ እንጂ «ነገ ይደርሳል» አትበሉ።

9. ዐረብ አገር ያሉትን ልጆቻችንን አስቡ

የወሎ ነጋዴ አንድ ትልቅ ገዢ አለው፤ ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ዱባይ ሆና ለእናቷ ጋቢ፣ ለቤተሰቧ የበዓል ዕቃ የምትገዛ ልጅ። ይህች ገዢ ሱቃችሁ መምጣት አትችልም፤ የምትፈልገው ዕቃው ለእናቷ እጅ መግባቱን ማወቅ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አዘጋጁላት። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ስልክ የሚያነሱት የቤት ሥራ ጨርሰው ማታ ዘግይቶ ነውና ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚወጣ ጽሑፍ ይኑራችሁ፤ የቴሌግራም መላኪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ብትቆዩ ሰዓት ሞልታችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። የሳዑዲና የኩዌት ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድማል። ሁለተኛ፣ ዕቃውን ስታደርሱ እናትየው ፈቅደው ከሆነ አጭር ቪዲዮ ቅረጹና ለልጅቷ ብቻ ላኩላት። ሦስተኛ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሕጋዊ የሐዋላ መንገድ ይምጣ፤ ወይም እዚህ ያለ ዘመድ ይክፈል። የውጭ ገንዘብ በእጅ ከመቀያየር ራቁ።

ያንን ቪዲዮ ቻናላችሁ ላይ ለመለጠፍ እንደገና ማስፈቀድ አለባችሁ። በተለይ የሴቶችን ፊት ሳይፈቀድላችሁ አታውጡ፤ አንድ ቅሬታ በሰፈሩ ተዛምቶ ገዢ ያሸሻል።

10. በበዓሉ ሳይሆን ከበዓሉ በፊት ጀምሩ

እኛ ዘንድ ገበያው በሁለት ቀን መቁጠሪያ ይሄዳል፤ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በአንድ በኩል፣ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ በሌላ በኩል። የእስልምናው በዓላት በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድመው ስለሚመጡ ያምናውን ቀን አትከተሉ። ልብስ የምትሸጡ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ሸማኔውና ልብስ ሰፊው በመጨረሻው ሳምንት አይደርሱላችሁም። ቅቤ የሚሸጥ ሰው በዐቢይ ጾም ማስታወቂያውን ማቆም አይገባውም፤ ሙስሊሙ ደንበኛው እየገዛ ነው። በረመዳን ደግሞ ቀን የሚወጣ የምግብ ቪዲዮ ደስ አይልምና ከአፍጥር በኋላ ልቀቁት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

• ተከታይ መግዛት። ቻናሉ ውስጥ 20,000 ሰው ቢኖር እያንዳንዱን ጽሑፍ 150 ሰው ብቻ ካየው የተገዛ ነው። ማስታወቂያ ለማሠራት የሌላ ሰው ቻናል ስትመርጡም የአባላቱን ቁጥር ትታችሁ የመጨረሻዎቹን አሥር ጽሑፎች የዕይታ ቁጥር እዩ።

• የፌስቡክ ማስታወቂያ «እናሠራላችኋለን» ለሚሉ ሰዎች የይለፍ ቃል መስጠት። ክፍያው ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ስለሚፈልግ ብዙዎች በሌላ ሰው በኩል ያሠራሉ። ከገጹ ሴቲንግ ማስታወቂያ ብቻ የሚያሠራ ፈቃድ ስጡት፤ ሥራው ሲያልቅ አንሱት።

• ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶ መለጠፍ። ገዢው ሌላ ቻናል ላይ ያንኑ ፎቶ አይቶታል፤ የእናንተን ሱቅ የለም ብሎ ይደመድማል።

• ቅሬታ ያለበትን አስተያየት ማጥፋት። «ይቅርታ፣ አሁኑኑ እንደውልልዎታለን» ብላችሁ እዚያው መልሱ፤ ከዚያም በእውነት ደውሉ። ሌላው የሚያነበው ቅሬታውን ብቻ አይደለም፤ አመላለሳችሁንም ያያል።

• አለመመዝገብ። በደብተሩ ላይ አራት መስመር አውጡ፦ ቀን፣ ምን ጠየቀ፣ ከየት አገኘን አለ፣ ገዛ ወይስ አልገዛም። እያንዳንዱን ጠያቂ «ከየት አገኙን?» በሉት። ከወር በኋላ ቲክቶክ 30 ጠያቂ አምጥቶ 2 ብቻ ገዝተው ከሆነ ዋጋውንና አመላለሱን ፈትሹ፤ ጠያቂው ራሱ 5 ብቻ ከሆነ ወደ ደረጃ 3ና 4 ተመለሱ።